ጭጭ ያለው አዳራሽ

ሸረኛው ወንድሜ፣

ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይሄንንም በቁሜ ነው የምጽፍልህ። ትናንት ከሰዓት እዚህ በሰው አገር ቲያትር ገባሁ። መብራቱ ሲጠፋ አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ሰው ሳሉን እንኳ ለእረፍት ሰዓት የሚያቆየው ይመስላል። መድረኩ ላይ ልጅቷ ደብዳቤ ስታነብ ባሏ ቢላዋ ይዞ ከኋላዋ መጣ። አላስቻለኝም። «ከኋላሽ ነው! ዞር በይ!» ብዬ ጮህኩ። ከሷ በቀር አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ እጄን ይዘው አወጡኝ። ሊያባርሩኝ ነው ስል ሳቁ። «በአያቴ ጊዜ እዚህም ተመልካቹ ምግቡን እየበላ ያይ ነበር፤ ይሳደባል፣ የወደደውን ድገሙት ይላል። ኋላ አዳራሹን አጨለሙና ዝም በል አሉት። ይኸው ዝም አለ፤ እያየ ይሁን ተኝቶ ማን ያውቃል?» አሉኝ።

አንተ ደግሞ መድረክ ላይ ሸር ስትጎነጉን አንዲት እናት ጫማ ወረወሩብኝ ብለህ ቲያትሩን ልትተው! የኔ ሞኝ፣ እሳቸው እኮ አመኑህ እንጂ አልጠሉህም። ተው፣ አትልቀቅ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን፣ መጋረጃ ጎታቹንም ሳምልኝ። ጫማውን ለእኚያ እናት መልስላቸው፤ በባዶ እግሬ አልመጣም ብለው እንዳይቀሩብን።