ስለ ባዶው ቦታና ስለ ፊርማዬ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እንደ አሮጌው ማሽን ያድርግልዎ እላለሁ፤ እሱ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልታመመምና።

እኔ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ነኝ፤ በአርባ ሦስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት።

አንደኛ፣ አሮጌውን የበሽተኞች ካርድ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ማሽንና ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስታዛውሩ፣ የጻፈው ሰው በሕይወት ስለሌለና ጠባዩን የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አምስት ወር ሙሉ ከባለሙያዎችዎ ጎን አስቀምጠው ስላስለፈለፉኝ አመሰግናለሁ። «እትዬ፣ ያለ እርስዎ ምን ይውጠን ነበር» ሲሉኝ አምኜ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው አሮጌው ኮምፓይለር፣ በካርድ ላይ ሳይሞላ የቀረን ቦታ ራሱ ባዶ ያደርግ ነበር። አዲሱ ግን ከፊተኛው በሽተኛ የተረፈውን እንዳለ ይተወዋል። ይህን በሙከራው ሳምንት አይቼ፣ በደብተሬ ጽፌ ሳሳይዎ ሳቁብኝ። አዲሱ ኮምፓይለር ራሱ አራት ሺህ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ እሱም እንደ እኔው ዝም እንዲል ታዘዘ።

ሦስተኛ፣ እኔ በቃ እስክል ድረስ ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ ብለው ቃል ገብተውልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የስብሰባ መገኘት ነው ብለው ወረቀት አቀረቡልኝ። ፊደል የቆጠርኩት የማላውቀው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ማኖር አንገፍግፎኝ ነበር፤ እርስዎን ግን እንደ ወንድ ልጄ ስለማይ መነጽሬን እንኳ ሳላወጣ ፈረምኩ። ለካ ወረቀቱ «ሁሉንም መርምሬ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ» ይላል። በማግስቱ አሮጌው ማሽን ተነቀለ።

አራተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ያነደዳት ሕፃን፣ ከእሷ በፊት ለገቡት ሽማግሌ የተጻፈው «ፔኒሲሊን አይስማማም» የሚለው ማስታወሻ ካርዷ ላይ ስለተገኘ፣ መርፌዋን ተከልክላ ሁለት ቀን ተንገላታች። እናቷ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስትጠይቅ ፊርማዬን አሳይተዋታል፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ይጠይቁኝ አልልዎትም፤ ከየት ያመጡታል? አሮጌው ማሽን ይሰካልኝ፤ ያች ወረቀትም በዚያች እናት ፊት ትቀደድልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከተረፈችኝ ጥቂት እምነት ጋር፣
ይህንን ግን ሦስት ጊዜ አንብባ የፈረመች፣
የካርድ ክፍሏ ሴትዮ

ማስታወሻ፦ ትናንት ለራስ ምታት መጥተው ካርድዎን አውጥቼ ነበር። ከእርስዎ በፊት የገቡት ወይዘሮ ስለነበሩ፣ በአዲሱ ማሽን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነዎት። እንዳላስተካክለው፣ ሁሉም ትክክል ነው ብዬ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ። በሰላም ይገላግልዎ።