በየእግሩ ስር ሰባት ካርቶን

ውድ ትሬቨር፣

«የማርች 8ቱ አደጋ የደረሰው ሮድኒ ፔርስ የታችኛውን ጥቅል ከተሰመረለት ከፍታ በላይ ስላነሳው ነው።»

ይህን በመብረቅ ሠሪዎች ማኅበራችን መጽሔት ገጽ ሦስት ላይ የጻፍከው አንተ ነህ። «ውድ» ያልኩህ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጋራዥ ስለሠራን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መብረቅ የሚሠራው ማሽናችን ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት፤ አይነካኩም። ኃይሉ ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚሻገረው በአየር ነው። ታችኛውን ከፍ ባደረግነው መጠን ትስስራቸው ይጠነክራል፤ ከልክ ካለፈ ግን ብልጭታው ወደ ሰማይ መውጣቱን ትቶ በራሱ ጥቅል ላይ ቁልቁል ይሮጣል። ቤንዲጎ ውስጥ ከፍታውን በጠመኔ የምናሰምረው፣ ጮክ ብሎ ሳይናገር ማንም የማይነካውም ለዚህ ነው። ያን ጠዋት ለክቼ አስምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል እንደገና ልለካ ሜትሬን ሳወጣ በሕዝቡ ፊት ሳቅህብኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ሰው የመጣው ብልጭታ ሊያይ ነው እንጂ ያንተን ጠመኔ ሊያይ አይደለም!»

ታናሽ ወንድሜ ዳንከንም መቆጣጠሪያው ጋ ቆሞ፣ «ተወው ትሬቭ፣ ሲያገባ እኮ ሙሽሪትንም ለክቷታል» አለ።

ሜትሬን ኪሴ ከተትኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ አልክደውም።

ዳንከን ማሽኑን እንዳስነሳው እሳቱ በጥቅሉ ላይ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው ካፓሲተር እንደ ቦምብ ፈነዳ፤ ስብርባሪው የዳንከንን ሁለት ዓይኖች ቀደዳቸው። ደሙ በጣቶቼ መሐል ሲፈስ፣ «ሮድ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ማሽኑን ስፈታ በታችኛው ጥቅል ማስቀመጫ ሦስት እግሮች ስር ሰባት ሰባት የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን አገኘሁ። በአንዱ ጀርባ ላይ በአንተ እጅ ጽሑፍ፣ «አንድ ሳንቲሜትር ይበቃል» ይላል። ይዤው ቤትህ መጣሁ።

«ለሕዝቡ ትንሽ እንዲደምቅ ብዬ ነው» አልከኝ።

አፍንጫህን ሰበርኩት። አጥንቱ በጡጫዬ ስር ሲንኮታኮት ተሰምቶኛል፤ ሚስትህ ባትጮህ አላቆምም ነበር። አልጸጸትም። መጽሔቱ የወጣው ከዚያ በሳምንቱ ነው።

መጽሔቱ ከተነበበለት ወዲህ ወንድሜ በሩን አይከፍትልኝም። ባለፈው እሑድ ደጁ ላይ ቆሜ፣ «ካርቶኑን ይዤዋለሁ፣ የትሬቨር ጽሑፍ አለበት» ብዬ ጮኽኩ።

«ለዕውር ጽሑፍ ይዘህ መጣህ?» አለኝ ከውስጥ።

ለእኔ ምንም አትጻፍ። ለእሱ ጻፍ፤ በእጅህ፣ ፈርመህ፣ ያስገባሃቸውን ሃያ አንድ ካርቶኖች መናገር ሳታስቀር። ሚስቱ ሊኔት ታነብለታለች። እስከ ኤፕሪል 28፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልደረሰው፣ መጥቼ በአንገትህ ጎትቼ በሩ ላይ አቆምሃለሁ።

ድምፅህን ያውቀዋል።

ሮድኒ ፔርስ
ቤንዲጎ፣ ኤፕሪል 14