ሰቃዩ ያላመነበት

ጥቅምት 4
መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ ውስጥ ሁለት ክፍል ፊዚክስ አስተማርኩ። አዳራሹ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። የኃይልን ሕግ ጻፍኩ፣ ገለበጡ። ጥያቄ አለ? ደብተራቸውን አጠፉ። ድምፄ ተዘግቶ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ እህቴ ቤት። ልጇ የቤት ሥራ ይዛለች። ሁለት ድንጋይ ከፎቅ ቢለቀቅ ከባዱ ቀድሞ ይደርሳል ትላለች። እኩል ነው የሚደርሱት አልኳት። «አክስቴ፣ መምህራችን ነው እኮ ያለን» ብላ አኮረፈችኝ።

መምህሯ ማን ይሁን ብዬ ብጠይቅ... ሰቃዩ። ከኔ ኮርስ አንደኛ ወጥቶ አምና የተመረቀው። እራቱን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ጥቅምት 7
ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት አገኘሁት፣ እጁ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ። ሲያየኝ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ባሰብኝ። ስለ ድንጋዮቹ ጠየቅኩት። መሬት መሬት አየ።

«መምህር፣ ፈተናው ላይ እኩል ይደርሳሉ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ?»

«አላመንኩበትም ነበራ። ማን ጠየቀኝ?»

ስንቱን እንዲህ አስመርቄ ሰደድኩ?

ጥቅምት 12
ዛሬ ማስጻፍ ተውኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ ወፍራም መዝገበ ቃላትና የቤቴን ቁልፍ ያዝኩ። የቱ ይቀድማል? ከጎናችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ አልኳቸው። ተያዩ። ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ መልሱን ይንገሩንና እንጻፈው።» አንዷ፣ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

መዝገበ ቃላቱንና ቁልፉን ለቀቅኩ። እኩል አረፉ። «አጋጣሚ ነው» ያለ አንድ ልጅ ነበር። እሱን ብቻ ወደድኩት።

ኅዳር 3
የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጠራኝ። ተማሪዎቹ ከሰውኛል። አታስተምርም፣ ታጫውተናለች ብለው።

«ሌሎቹ ክፍሎች የት እንደደረሱ ታውቂያለሽ?»

«እነዚህ እኮ ነገ አስተማሪ ናቸው።»

«መጀመሪያ ይመረቁ።»

ክፉ ሰው አይደለም። የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው።

ኅዳር 19
ፈተና አረምኩ። ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ፣ ከእጅ ከወጣች በኋላ ምን ኃይል አለባት? አብዛኞቹ ወደ ላይ የሚገፋ ቀስት ሥለውላታል፤ ያለባት ግን ወደ ታች የሚስባት የምድር ስበት ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ... ማን ነው የሚገፋት?

ቤተ ሙከራውን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ። እህቴ በስልክ፣ «የዓለሙን ጣጣ ሁሉ አንቺ ላይ ማን ጣለው? እንደ ሰው አስተምረሽ ግቢ» አለችኝ። እንደ ሰው... እሱ እንዴት ነው?

ታኅሣሥ 2
ኮርሱን ቀሙኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ያስጽፋቸዋል።

ታኅሣሥ 5
ከአልጋ አልተነሳሁም። ሰቃዩ ደወለ፤ አላነሳሁም። ምን ልለው? በምን አፌ?

ታኅሣሥ 9
ቤቴ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ።

«ልጆቹን ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የማልጠየቀው ነገር የለም። ግማሹን አላውቀውም። ክፍል መግባት ፈራሁ፣ መምህር። ይምጡልኝ።»

ሄድኩ። የኋላ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ እንደማታውቀኝ ሆነች። አንዲት ቀጭን ልጅ ተነስታ፣ «ጨረቃስ ለምን አትወድቅም?» አለች። ሰቃዩ ወደ እኔ ዞረ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «እኔም በደንብ አልገባኝም። እስቲ አንቺ ምን ይመስልሻል?» አላት።

ክፍሉ ተንጫጫ። ደወል ተደውሎም የሚወጣ ጠፋ።

ኮሌጅ የማስተምረው ክፍል የለኝም፤ ይመልሱልኛል ብዬም አላስብም። ስወጣ ሰቃዩ በር ድረስ ሸኘኝ። ሐሙስም ይምጡ አለኝ።

እሺ አልኩ።