ከእምቦጩ ውስጥ የሚጠራኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኪዳነ ወልድ፤ ካለህበት ካይሮ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ሔራን ደኅና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ኪዲስ አፏን ፈታች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤ አስጠፋሽ ብለህ እንዳትቆጣኝ፤ የምጽፈው ቸግሮኝ ሳይሆን መጻፉን ፈርቼ ነው።

መቼም ሳትሰማ አትቀርም፤ አረንጓዴው ፓርቲ ዕጩ አድርጎኛል። የምርጫ ምልክታችን ቅጠል ነው። ጣና ዳር ደልጊ ሄጄ የቅስቀሳ ወረቀቱን ብበትን፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሐይቁን የበላው የእምቦጭ አረም አንሶን አንቺ ደግሞ ምረጡት ትይናለሽ ብለው አባረሩኝ። ሳቅ እንጂ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ተማሪውን አስተባብሬ እምቦጭ ልንነቅል የወጣን ዕለት፣ የክፍል ጓደኛዬ አካሉ ከአረሙ ሥር ሰጥሞ ሞተ። በቀብሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፁን ሳያሰማ ሄደ ብዬ አገሩን አስለቀስሁ። በዚያ ንግግር የተማሪዎች ኅብረት መሪ ሆንሁ፤ ፓርቲውም ያወቀኝ በዚያው ነው።

አሁን ግን ለቅስቀሳ ሐይቅ ዳር በወጣሁ ቁጥር፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ከእምቦጩ ውስጥ አንድ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ የብርጓል! ብሎ በስሜ ይጠራኛል። ዘወር ስል ሰው የለም። ነፋስ ሳይኖር አረሙ ይወዛወዛል። ጆሮዬ ነው የሚጮኸው ብዬ ራሴን ሳታልል ከረምሁ። ኋላ ጀልባ ነጂው ሰላሁዲን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማነው የሚጠራሽ? አለኝ። እሱም ሰምቶታል ማለት ነው።

ላንተ ልናዘዝ። አካሉ ያን ዕለት ጠርቶኛል፤ አንድ ጊዜ። ሐይቅ ላይ ስምሽን ቢጠሩሽ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም የሰው አይደለም፣ አቤት የሚባለው በሦስተኛው ነው ብለህ ያስተማርኸኝ አንተው አይደለህ? እኔ ሞኟ ቆሜ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ሁለተኛውም አልመጣም። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። እናቱ እትዬ እናትዓለም ልጃቸው ሳይጨነቅ እንደሞተ አምነው ተጽናንተው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ሊመርቁኝ ወደ ዳሩ መጡ። ድምፁም እንደ ልማዱ መጣ፤ እኔን ግን አልጠራም። እማ! አለ። እትዬ ሦስተኛውን አልጠበቁም። አቤት ልጄ ብለው እስከ ጉልበታቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ነጠላቸውን ይዤ እየጎተትሁ፣ እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አቤት ሳትዪው ልጄን ስታስጮኺው ኖርሽ? አሉኝ። ምነው በረገሙኝ!

ከዚያ ወዲህ እኔ የምሰማው ነገር የለም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ዳሩ ላይ ተቀምጠው አቤት፣ አቤት ይላሉ። ሰላሁዲንም በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። ነገ የቅስቀሳው ስብሰባ ላይ ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ፤ ዕጩነቱ ቢቀር ይቅር።

እማማ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ትልሃለች። እኅታችን ርሆቦት ትስምሃለች፤ የላክኸው ጫማ ልክ ሆኗታል። ሔራንን ሰላም በልልኝ። ኪዲን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሰው ሲጠራትም ባንዴ አቤት እንድትል አስተምራት።

እኅትህ የብርጓል
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.