ፍሪሲዮን የሌላት መኪናዬ በገመድ ስለመጎተቷ

ለክቡር ኦቦ ሶያማ
የተሰናከሉ ተሽከርካሪዎች ማንሻ ግብረ ኃይል አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ምክትሎችዎ፣ በተለይም ያ ሰማያዊው የናይሎን ገመድዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤና እንዲበዛልዎ፣ ሁለቱም እግሮችዎ ዘወትር እንዲታዘዙልዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔ ግራ እግር ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ስለማይታዘዘኝ፣ ምኞቴ ከአፍ ብቻ እንዳልሆነ ይረዱልኛል።

ዲሪርሳ ጃለታ እባላለሁ። ዓለም ገና እየኖርኩ፣ ሰበታ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የምሄደው በክራንችና ሃያ ዓመት ባለፋት አሮጌ ቪትዝ ነው። ቪትዟ አውቶማቲክ በመሆኗ ግራ እግር አትጠይቅም፤ የገዛኋትም ለዚሁ እንጂ ለመንፈላሰስ አይደለም። እሷ ቆመች ማለት እኔ ቆምኩ ማለት ነው።

ያለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠመኔ ልገዛ መንገድ ዳር ሞተር አጥፍቼ ስመለስ አልነሳም አለች። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ጠቅ ብቻ። ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ጫፍ ነጭ ዝገት አብቅሏል፤ ጉዳዩ ይኸው ነበር። ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኝ ገመድ ላላት ጎረቤቴ ለገለቴ ደወልኩ፣ “አሥር ደቂቃ” አለችኝ። የእርስዎ ሰዎች ግን ማንም ሳይጠራቸው በአራት ደቂቃ ደረሱ። ለዚህ ፍጥነት ያለኝን ምስጋና እያስቀደምኩ ቅሬታዬን እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ሠራተኛዎ ወንዲ ገና ከመድረሱ “ጋሼ፣ ሁለተኛ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ፣ ገፍተን እናስነሳታለን” አለኝ። ፍሪሲዮን እንደሌላት፣ አውቶማቲክ ደግሞ በግፊት እንደማይነሳ አስረዳሁት። ክራንቼን አየት አድርጎ “ታዲያ መንዳት ካልቻሉ ምን ሊያደርጉ ወጡ?” አለኝ። ከዚያም ሰባት ጎበዛዝት ሰበሰበና፣ ማርሿ ፓርክ በሚባለው ማቆሚያ ላይ የተቆለፈባትን መኪና “ሆ!” እያሉ ሲገፉ ቆዩ። የሰዎቹን ደግነት እግዜር ይባርከው፤ የመሪያቸውን ዕውቀት ግን ምን ልበለው?

2ኛ. ባትሪ ሲሞት ማርሹ ከፓርክ አይወጣም፤ ሲሠሩት እንዲህ አድርገው ነው። ወንዲ ግን በካቻቢቴ ፈንቅሎ አወጣው። ስለ ጉልበቱ አድናቆቴ ይድረሰው።

3ኛ. ለመንኩ፣ ክቡር ሆይ። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ ለመንኩ። “ወይ ገለቴን ጠብቁልኝ፣ ወይ የፊት ጎማዎቿን ከመሬት አንሱልኝ። ሞተሩ ካልሠራ ለካምቢዮው ዘይት የሚረጭለት የለም፤ ጎማው ሲሽከረከር ውስጡ በደረቁ ይፋጫል” አልኩ። የፊዚክስ ትምህርት አይደለም፤ ድስት ያለ ዘይት እንደሚያር የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። እነሱ ግን ከአይሱዙ ኋላ አስረው፣ እስከ ግቢያችሁ ስድስት ኪሎ ሜትር እንደ ሠርግ መኪና ይዘዋት ከነፉ።

በማግስቱ ገለቴ ገመዷን ይዛ ግቢያችሁ ድረስ መጣች። የባትሪው ጫፍ በሙቅ ውሃ ታጠበ፣ ገመዱ ተገናኘ፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ማርሽ ሳስገባ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። አብሯት የመጣው መካኒክ ቢኒ የካምቢዮውን ዘይት በጣቱ ነክቶ አሸተተና ኮፈኑን ዘጋው። ጥቁር፣ የተቃጠለ ዘይት ነበር። እንግዲህ መካኒክ ሳይጠግን ኮፈን ከዘጋ ካምቢዮው አልቆለታል ማለት ነው።

4ኛ. ልወስዳት ስል “ካልፈረምክ አትወጣም” ተብሎ የተሰጠኝ ቅጽ እንዲህ ይላል፦ “ተሽከርካሪው ሲገባ የማይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲወጣም የማይንቀሳቀስ ነው፤ ስለሆነም በግብረ ኃይሉ የደረሰ ጉዳት የለም።” አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ስሌት አጋጥሞኝ አያውቅም። የተኛም የሞተም ሰው አይናገርም፤ እናንተ የተኛውን ቀብራችሁ “ሲመጣም ዝም ብሎ ነበር” ትላላችሁ! ምን አማራጭ ነበረኝ? ፈረምኩ።

ክቡር ሆይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተናድጃለሁ። እንቅልፍ እስኪነሳኝ ተናድጃለሁ። የሚኒባስ ረዳቶች ክራንቼን ሲያዩ ባዶ ወንበር እያለ “ሞልቷል” ይሉኛል። ባጃጅ አፈራርቄ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ተማሪዎቼ ለፈተና አንድ ወር ቀርቷቸዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ “በራሱ ቸልተኝነት አረፈደ” ብሎ ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱን ክፍሎቼን ለሌላ ሰው ሰጥቶብኛል። ማስረጃ አምጣ ሲለኝ ያለኝ ወረቀት ያው የእናንተ ቅጽ ነው።

ካሳ አልጠየቅኩም። የምለምነው ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ነው፦ “መኪናዋን ያበላሸነው እኛ ነን፤ ሁለተኛ አውቶማቲክ መኪና በገመድ አንጎትትም።” ይህን ለርዕሰ መምህሬ ላሳይና ወደ ክፍሌ ልመለስ።

የቆመውን ሁሉ ጨርሶ ለማቆም የማይደክመው ክንድዎ ይበርታ እያልኩ፣ ከማይታዘዝ እግርና ከማትሄድ መኪና ጋር፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ዲሪርሳ ጃለታ
ከዓለም ገና

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ
አይመለከተኝም ለሚለውም ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በባጃጅ ሳልፍ፣ ወንዲ አንዲት ትንሽ አውቶማቲክ ከአይሱዙው ጋር ሲያስር አየሁ። ባለቤቷ ሴትዮ “ካምቢዮው አይበላሽብኝም ወይ?” እያለች ትለምነዋለች። “አይዞሽ እትዬ፣ ባለፈው የአንድ አስተማሪ መኪና እንዲሁ ጎትተን ምንም አልሆነችም፤ ራሱ ፈርሞልናል” አላት። ሴትዮዋ አመነችው። ክራንቼን አመቻችቼ ከባጃጁ እስክወርድ አይሱዙው ሄዷል።