የሃያ ሰባቱ ስም ጥሪ

ጥቅምት 12

ከተማውን ለቀን እዚህ ከገባን ዛሬ ሁለት ወር ሞላን። ስንት ዓመት ያስተዳደርኩትን ትምህርት ቤት አስረክቤ፣ በጡረታዬ ሌላ ትምህርት ቤት ተረከብኩ። ተማሪዎቹ ሃያ ሰባት ናቸው። አንዲት ላም፣ አንድ አህያ፣ አራት ፍየሎች፣ ስድስት ዳክዬዎች፣ ዐሥራ ሦስት ዶሮዎችና አንድ አውራ፣ አንድ ውሻ። ዩኒፎርም የለም። ሌላው ያው ነው፤ ግማሹ ይጮኻል፣ ግማሹ ያኝካል፣ የሚሰማ የለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ዐሥር ሰዓት ላይ ደወል እደውላለሁ። መምህራኑ ሲሸኙኝ የሰጡኝ የእጅ ደወል ነው። ሌላ ሰው ሲሸኝ ጋቢ ወይ ሰዓት ይሰጠዋል… እኔን በደወል! ምን ሊሉኝ ፈልገው ይሆን? ብቻ ሲደወል መኖ ስላለ ሁሉም ይመጣል። ባለቤቴ በባልዲ ያድላል፣ እኔ ስም እየጠራሁ መዝገብ ላይ ራይት አደርጋለሁ።

«ዶሮዋ 'አቤት' እስክትል ነው የምትጠብቂው?» አለኝ ዛሬም።

ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ተሳፋሪ ወረደ አልወረደ ምን ገዶት?

ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ላሟ ወይዘሮ። አህያው ምክትል፤ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ነዋ። ፍየሎቹ የኋላ ወንበር። ቡናማው ውሻ ሱፐርቫይዘር። ግቢውን ይዞራል፣ ሁሉን ያሸታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በልቶ ይተኛል። ባለቤቴ «ሱፐር» እያለ ያቆላምጠዋል። እኔን ካቆላመጠኝ ስንት ዘመኑ…

ጥቅምት 19፣ እሑድ

ሦስተኛ ቀን ዝናብ። ጭቃው ቦቲዬን ይዞ አስቀረብኝ፣ በካልሲ ገባሁ። ጉልበቴም አመፀ። ስለዚህ ደወሉን ከወጥ ቤቱ መስኮት እየደወልኩ ነው። ሲሯሯጡ ይሰማኛል። መጥተዋል ማለት ነው። ማን ይቀራል?

ዛሬማ አሰብኩት። የማይቀሩ ከሆነ በየቀኑ መጻፉ ምን ይፈይዳል? ቁጭ ብዬ የሳምንቱን በሙሉ ሞላሁት። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ አለ አለ አለ። እንዴት አምሮ ተሰልፏል! እንዲህ ያለ ክፍል በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

አንድ የባዮሎጂ መምህር ትዝ አለኝ። ታሞ ቤቱ የተኛን ልጅ «አለ» ብሎ ስለጻፈ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ። ሠራተኛ ሁሉ ፊት አቁሜ።

ያ ግን ሰው ነበር። እነዚህ ዳክዬዎች ናቸው።

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ባለበጓ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጎቻቸውን ብቻቸውን የሚጠብቁ፣ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። አልቀመጥም አሉ።

«ሁለት ግልገል ሞተብኝ። አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ትናንት። ሁለቱም ዐሥር ሰዓት ገደማ። ውሻ ነው። ቡናማ። ከሩቅ ነው ያየሁት፣ ዓይኔም እንደምታውቂው ነው። በዚህ አካባቢ ደግሞ ቡናማ ውሻ ሁለት ነው፤ የናንተና የበያጁ።»

ባለቤቴ ከበሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሱፐርቫይዘር እግሩ ላይ ተኝቷል። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። የባሌን ማለቴ ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? መዝገቤን ላጥ አድርጌ አወጣሁ። በጣቴ እያሳየሁ፣ ለወላጅ በምናገርበት ድምፅ፦ «ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት፣ አለ። ረቡዕ ዐሥር ሰዓት፣ አለ። ይመልከቱ እማማ።»

ማንበብ አይችሉም። ግን የራይቱን ሰልፍ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንቺ ከጻፍሽው በቃኝ። እንግዲያው የበያጁ ነው» ብለው ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ነው ልብ ያልኩት። መዝገቡ ሐሙስ ዐሥር ሰዓትም አለ ይላል። ዓርብም አለ፣ ቅዳሜም አለ ይላል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት!

ማንበብ ቢችሉ ኖሮ…

ጥቅምት 24

የሰፈሩ ኮሚቴ ትናንት ማታውኑ ተሰብስቦ ወሰነ። የእንስሳት ሐኪሟ ማክሰኞ መጥታ የበያጁን ውሻ በመርፌ ታሳርፋለች። «ማሳረፍ»… ኮሚቴ ቃል መምረጥ ይችልበታል።

የበራችን ማጠፊያ ተሰበረ ብዬ ብየዳ ቤት ሄድኩ። አልተሰበረም። ውሻውን ልየው ብዬ ነው። ውሻው ስሙ ብሎን ነው። ዛሬ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ገብቶ ከብረት ጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ፍንጣሪው ጀርባው ላይ ይረግፋል፣ እሱ ያንቀላፋል።

በያጁ መከላከያውን ከፊቱ አነሳ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር።

«ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ እትዬ። ግን ማን ይመስክርልኝ? እርስዎ መዝገብ አለዎት። ጥሩ አደረጉ። እኔም መጻፍ ነበረብኝ።»

ጥሩ አደረጉ! ቢሰድበኝ ምናለበት?

ማጠፊያውን «በኋላ አመጣዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። አሁን ሌላ ውሸት እንዳይሆን ማጠፊያ መስበር አለብኝ።

ጥቅምት 25

ለባለቤቴ ነገርኩት። መዝገቡን እሑድ እንደሞላሁት፣ ሱፐርቫይዘርን ማክሰኞም ሆነ ረቡዕ በዓይኔ እንዳላየሁት። ባልዲውን አስቀመጠ።

«አንተስ አይተኸዋል?»

«በዚያ ዝናብ መኖውን ደፍቼ ነው የሮጥኩት።»

ሁለታችንም ውሻውን አየነው። እሱም አየን። በጭራው መሬቱን ሁለቴ መታ።

«ዝም በይ» አለኝ።

«የሰው ውሻ ሊሞት ነው እኮ።»

«ብሎን ይሆናላ! ምን ይታወቃል?»

«ባይሆንስ?»

«አንቺም የኛ መሆኑን አላየሽም። ባላየሽው ነገር የኛን ልታስገድይው ነው?»

እዚህ ላይ አሸነፈኝ። ባላየሁት ነገር አንድ ጊዜ መስክሬያለሁ፣ ሁለተኛ ልመስክር? በትዳራችን እንዲህ ትክክል የሆነበትን ቀን አላስታውስም። ምነው በሌላ ጉዳይ በሆነ!

ማየት አለብኝ። እስከ ማክሰኞ ሦስት ቀን አለ።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ጭቃው መሀል ቆሜ አንድ በአንድ። ዐሥር ሰዓት፣ ሃያ ሰባት። ሱፐርቫይዘር አለ። ተመስገን… ወይስ በጎቹ ዛሬ በረት ስለዋሉ ነው?

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

ፊደሌ ዛሬ የተማሪ መስሏል።

ባለበጓ ብሎን መታሰሩን አምነው በጎቻቸውን ዛሬ ለቀቁ። ማዶ ተዳፋቱ ላይ ነጭ ነጭ ሆነው ይታዩኛል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሱፐርቫይዘርን ፈለግሁት። ከበሩ ጋ የለም። ከባለቤቴ ወንበር ሥር የለም። ከዳክዬዎቹ ቤት ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ ጉድጓድ። ጠርዙ በመመላለስ ብዛት ለስልሷል። ቡናማ ፀጉር ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል።

ደወሉ ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዳይጮኽ ምላሱን በጣቴ ይዤ ጅረቱን ተሻገርኩ። ልቤን ግን የሚይዝልኝ አጣሁ። ብሎን ይሁን፣ ሌላ ውሻ ይሁን፣ ጅብ ይሁን አልኩ። በቀን ጅብ እስከመመኘት ደረስኩ!

እሱ ነው። የኛው ነው። ከበጎቹ ጎን በሆዱ ተኝቶ ነበር። ተነሳ። አልጮኸም፣ አልሮጠም፤ ጠዋት ግቢያችንን በሚዞርበት እርጋታ ሄደና አንዷን ግልገል ከኋላ እግሯ ያዛት። የማደርገው ቢጠፋኝ… ደወልኩ።

ለቀቃት። ጆሮውን አቆመ፣ ወደኔ ዞረ፣ ያን ሁሉ ተዳፋት በደስታ እየሮጠ መጣ። አፉ ቀይ ነው። እግሬ ሥር ቁጭ አለና ጭራውን እየወዘወዘ ቀና ብሎ አየኝ። የመኖ ሰዓት ነው ብሎ። ሰዓቱ ትክክል ዐሥር ነበር።

እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

በሽርጤ ገመድ አሰርኩት። ግልገሏን አቅፌ፣ እሱን እየጎተትኩ ባለበጓ ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ስለ እሑዱም።

ግልገሏን ተቀብለው ቁስሏን በውሃ እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ፦

«አለ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ፣ እማማ።»

«የት ነበር ያለው?»

«መዝገብ ላይ።»

በሩን እስክወጣ ድረስ ጀርባዬ ይፈጀኝ ነበር።

ከዚያ ብየዳ ቤት። በያጁ ሰምቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታ። ብሎን መፈታቱ አልገባውም፣ እዚያው ተመልሶ ተኛ። በያጁ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ትምህርት ቤት ቢሆን፣ እትዬ፣ ይኼኔ ወላጅ አምጪ ይባሉ ነበር።»

«እሱን አጥቼ እኮ ነው ራሴ የመጣሁት» አልኩት። ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ስገባ ውሻው አፍ ላይ ያለውን አየ።

ጥቅምት 28

ሐኪሟ መጣች። ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ግልገሏን ሰፋች። ትተርፋለች፣ ታነክሳለች ግን።

ባለቤቴ «አስረዋለሁ» አላት። «በወፍራም ሰንሰለት። አጥሩንም አጠብቃለሁ። ቀንና ሌሊት አጠገቡ እሆናለሁ።»

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ኮሚቴው እኔን አየኝ። «ይታሰር» ብል እሺ ሊሉ እንደነበር ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ዳይሬክተር ነኝ፣ አሁንም ያፍሩኛል። በያጁም ከኋላ ቆሟል። ብሎን አጠገቡ ነው፣ ያለ ሰንሰለት።

ለብሎን «ይታሰርና ይትረፍ» ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም። ያን ዕለት ሄጄ ስለ ማጠፊያ ነው ያወራሁት።

«በተወሰነው ይሁን» አልኩ።

ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ልያዝ ብሎ አልቻለም። እጄን ላሰኝ። ደወል አልነበረም፣ መኖ አልነበረም፣ ዝም ብሎ ላሰኝ…

ከዳክዬዎቹ ቤት ጀርባ ቀበርነው። ጉድጓዱን በያጁ ቆፈረ። ማንም አልለመነውም።

ኅዳር 1

ባለቤቴ አያናግረኝም። ወንበሩን ወደ ሌላ ማዕዘን አዛወረ። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ገብቶታል።

ኅዳር 3

በያጁ የአጥሩን ቀዳዳ በብረት ዘጋው። የበሩን ማጠፊያም ሊሠራ ሲል አየውና «ደህና ነው እኮ?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ያንንም ተናዘዝኩ። ይኼ ነገር ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም።

ኅዳር 6

ዐሥር ሰዓት ላይ ባለበጓ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«የምትጽፊውን ነዋ።»

ደወልኩ። መጡ። ወረቀቱ ባዶ ነው፤ አሁን በቁሜ፣ በእጄ ነክቼ ነው የምጽፈው። ወይዘሮን ሻኛዋን። ምክትልን ጆሮውን። የኋላ ወንበሮቹን አንድ በአንድ፤ አንዷ መዝገቡን ልትበላው ነበር። ዳክዬ መንካት ከባድ ነው፣ ግን ተነኩ። ባለበጓ ከአጥሩ ማዶ በጣታቸው እየቆጠሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዶሮዎቹ ጋ ስንደርስ «ያቺን ሁለት ጊዜ ነካሻት!» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው። እንደገና ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ የሱ መስመር መጣ። ስሙን አልሰረዝኩም። ልዝለለው? ጠራሁት።

«ሱፐርቫይዘር።»

የጮኹት ዳክዬዎቹ ብቻ ናቸው። ቀሪ ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቴ ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። በስምንት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነው፦

«በፈቃድ ነው፣ ያለ ፈቃድ?»

ትምህርት ቤት ሳለሁ ለእያንዳንዱ ቀሪ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ቤት ድረስ ይዤው እገባ ስለነበር እሱም በቃሉ ያውቀዋል። ቀና ብዬ አየሁት። እያፌዘ አልነበረም።

«በፈቃድ» አልኩት። «በእኔ።»

ራሱን ነቀነቀ። ባልዲውን ዘቀዘቀና አራገፈው። ከዚያ መጣና መዝገቡን ከእጄ ተቀብሎ፣ ጭቃ በነካው ጣቱ ከላይ እስከ ታች እየወረደ፣ ጮክ ብሎ፣ ማዶ ያሉት እንዲሰሙ ቆጠረ።

«ሃያ ስድስት» አለ።

«ሃያ ስድስት» አሉ ባለበጓም፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጅረቱ እየወረዱ። «ነገም እመጣለሁ።»