ዘጠኝ ረድፍ ያልኩት ክምር

ጂንካ፣ ኅዳር 29 ቀን 1976

ዛሬ ጠዋት መጋዘን ገና ከመግባቴ የማኅበሩ ሊቀመንበር አጣደፈኝ። መኪናው ወደ ኦሞራቴ ሊነሳ ስለሆነ ሰባ አምስቱ ጆንያ ማሽላ መሙላቱን አረጋግጥ አለኝ። አንድ በአንድ ለመቁጠር ጊዜ የለም። ክምሩ ከታች አሥራ ሁለት ጆንያ ነው፤ ወደ ላይ በአንድ በአንድ እየቀነሰ አናቱ ላይ ሦስት ይቀራል። ከአሥራ ሁለት ሦስት ሲቀነስ ዘጠኝ ረድፍ አልኩ። አማካዩን ሰባት ተኩል በዘጠኝ ሳባዛው ስልሳ ሰባት ተኩል መጣ፤ ሰባት ጆንያ ተኩል ጎደለ። ዘበኛውን ጋሽ ማርቆስን ሰው ፊት ሌባ አልኩት።

«ግማሿን ጆንያ በምን ወሰድኳት፣ በኪሴ?» አለኝ።

ሊቀመንበሩ እዚያው ፈርሞ ደመወዙን አገደ።

ለምሳ ቤት ስገባ ልጄ ሩት የአሥራ አንደኛ ክፍል ሂሳቧን ትሠራለች። ነገርኳት። የድምር ምልክቱን፣ ሲግማን ጻፈች፤ ከሥሩ k = 3፣ ከአናቱ 12፣ ከጎኑ k።

«አባባ፣ ሦስትም አሥራ ሁለትም ይቆጠራሉ እኮ! አሥር ረድፍ ነው። በሰባት ተኩል ሲባዛ ሰባ አምስት» ብላ ሳቀች። ጮህኩባት። እሷ ምን አጠፋች?

ሮጬ ተመለስኩና ስህተቱ የኔ ነው አልኩ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎም አላየኝ።

«የፈረምኩትን አልሰርዝም፣ ጓድ። ወይስ የመጋዘን ኃላፊው መደመር አይችልም ብዬ ለአውራጃ ልጻፍ?»

መዝገቤን ይዤ ወጣሁ። የሩት ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቷ መድኃኒት፣ ሁሉም በዚህች ሥራ ነው። እሱንም እኔንም በጥፊ የሚያጠናግር ሰው ጠፋ!

የጋሽ ማርቆስ የኅዳር ደመወዝ አልተከፈለም።